ባሕር ዛፉ አቆጥቁጧል፣ ካርታው «ጠፋ» ይላል

በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ ገበሬ በአሲዳማነት የተጠቃ ማሳውን ዲከረንስ ለሚባለው ዛፍ ከለቀቀ ሰነበተ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስላል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይገባል። ማሳው ደግሞ እንደገና ይታረሳል፤ ጤፍ ይዘራበታል፤ ችግኝ ይተከልበታል።

እንግዲህ የወረዳው የግብርና ባለሙያ «ደናችን ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» የሚል ጥያቄ ቀረበላት እንበል። ከ2008 በፊት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሳተላይት ምስል ልመልስ ብትል አቅሟ አይፈቅድም ነበር። ላንድሳት 7 የተባለው ሳተላይት ያነሳው አንድ ምስል ብቻ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። ምስሉን የሚያነበው ሶፍትዌር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሶፍትዌሩን የሚያውቀው የጂአይኤስ ባለሙያም ቢገኝ ዞን ወይም ክልል ነው። በ2008 አሜሪካ የላንድሳትን ክምችት በነጻ ለቀቀች። በ2010 ጉግል «ኧርዝ ኢንጅን»ን ሲያስተዋውቅ ምስል ማውረድም ቀረ፤ ስሌቱ እዚያው ጉግል ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራ ጀመር። ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው ግን ያው ዝግ ነበር።

በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ሀንሰንና ባልደረቦቹ ከ650,000 በላይ የላንድሳት ምስሎችን አስልተው የዓለምን የዛፍ ሽፋን ለውጥ የሚያሳይ ካርታ አወጡ። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን 15 ዓመት ይፈጅበት የነበረውን ሥራ 10,000 ኮምፒውተሮች በቀናት ጨረሱት። በማግስቱ ዓመት ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት ይህንኑ ካርታ «ግሎባል ፎረስት ዋች» በተባለው ድረ ገጽ ለማንም ክፍት አደረገው። ባለሙያዋ ዛሬ ቦታውን መርጣ ትጫናለች፤ የጠፋው የዛፍ ሽፋን በሮዝ ነጠብጣብ ካርታው ላይ ይወጣል፤ በየዓመቱ የጠፋው ሄክታርም በግራፍ ይደረደራል። ኮድ የለ፣ ፈቃድ የለ፣ ክፍያ የለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅ አይገባውም።

ጣጣው የሚመጣው ግራፉ እንዳለ ተገልብጦ ሪፖርት ላይ ሲለጠፍ ነው። ድረ ገጹ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ጥፋትን የሚቆጥረው በ2000 ከነበረው የዛፍ ሽፋን ተነስቶ ነው፤ ዛፍ የሚለውም ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጠውን፣ ሽፋኑም ከ30 በመቶ በላይ የሆነውን ነው። ስለዚህ በ2000 ጤፍ የነበረና በኋላ ዲከረንስ የሆነ ማሳ ዛፉ ተቆርጦ ቢከሰል በጥፋቱ ቁጥር ውስጥ አይገባም። በ2000 ባሕር ዛፍ የቆመበት ጓሮ ደግሞ አንዴ ሲጨፈጨፍ ሮዝ ይሆናል። ከጉቶው አቆጥቁጦ ዛሬ ለአጣና ቢደርስም ሮዙ አይለቀውም፤ በዚህ መዝገብ አንድ ቦታ የሚጠፋው አንዴ ብቻ ነውና። ጥፋቱ በየዓመቱ ሲመዘገብ ጭማሪው የብዙ ዓመት ተጠቃሎ ስለሚቀርብ አንዱን ከሌላው መቀነስ ስሕተት ነው። የተፈጥሮ ደን መመንጠርም ይሁን የገበሬ ምርት መሰብሰብ፣ ወይም ዛፉን የጨረሰ በሽታ፣ ቀለሙ ያው አንድ ነው።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያ ደን የምትለው ሌላ ነው፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ ሽፋን። በቆላው ያለው አጭር ጫካ በአገራችን ትርጓሜ ደን ሆኖ ሳለ በድረ ገጹ ሒሳብ ላይገባ ይችላል። ሁለት ሪፖርቶች ማንም ሳይዋሽ ሊጣሉ የሚችሉትም ለዚህ ነው።

የድረ ገጹ አዘጋጆች ይህን አልደበቁም። የዛፍ ሽፋን መጥፋት የግድ የደን ጭፍጨፋ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል፤ የሽፋኑን መነሻም ከ30 ወደ 20 በመቶ ማውረድ ይቻላል። ነገር ግን ማብራሪያው የሚገኘው አንዲት ትንሽ ምልክት ፈልጎ ለተጫነ ሰው ነው፤ ድረ ገጹም ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ሲያውቅ አማርኛ አያውቅም። እንደ እኔ ግራፉ በሦስት ጠቅታ ከተገኘ ማስጠንቀቂያውም እዚያው ግራፉ ሥር መጻፍ ነበረበት። ለቸኮለ ሰው የተሠራ መሣሪያ ቸኩሎ እንደሚያነብ አውቆ መሠራት አለበት።

ሌላም መንገድ አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በነጻ የሚያቀርበው «ኮሌክት ኧርዝ» ሰው ጥራት ያለውን ምስል በዓይኑ እያየ ነጥብ በነጥብ «ይህ ማሳ ነው፣ ይህ ተከላ ነው፣ ይህ ደን ነው» እያለ እንዲሞላ ያደርጋል። አዝጋሚ ነው። ግን ኮድ ከሚጽፈው ይልቅ አገሩን የሚያውቀው የልማት ሠራተኛ የሚበልጥበት ሥራ ነው፤ ዲከረንስን ከተፈጥሮ ደን ለመለየት ከእሱ የሚሻል አይገኝም።

እንጅባራና ባሕር ዳር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለጉዳዩ ቅርብ ናቸው፤ ጥቂት ገጽ የአማርኛ መመሪያ አዘጋጅተው ለወረዳዎች ቢልኩ ብዙ የተሳሳተ ሪፖርት ይቀር ነበር። እስከዚያው ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጠረጴዛዎ ላይ እንዲህ ያለ ግራፍ ሲደርስ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፦ ዛፍ የተባለው ምኑ ነው? ቆጠራው ከየትኛው ዓመት ይነሳል? ቦታውንስ የረገጠ ሰው አይቶታል?