ትልቁ ቁጥር አያቀዘቅዝም

ሆት ሮድ የሚባለው መኪና የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የዚያ አገር ወጣቶች ያረጀ ፎርድ በርካሽ እየገዙ፣ ፓራፋንጎውንና ለፍጥነት የማይጠቅመውን ክብደት ሁሉ እየነቀሉ፣ ሞተሩን እያጎለበቱ፣ ሙሮክን በመሰሉ የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ይወዳደሩ ነበር። ዛሬም ድረስ ከሁሉ አብልጦ የሚፈለገው የ1932ቱ ፎርድ ነው። ፋብሪካው በዚያ ዓመት ለተራው ገዢ ያቀረበው ቪ8 ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከፊቱ የቆመው ጠባብና ረዘም ያለ ራዲያተርም የተለካው ለዚያው ጉልበት ነው። አሁን በእነዚህ መኪኖች ኮፈን ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን የሸቭሮሌ 5.7 ሊትር ሞተር ሲሆን፣ ጉልበቱ ከመጀመሪያው አራትና አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የፊቱን ቅርጽ ማንም አይነካውም፤ የመኪናው ውበት ያለው እዚያ ላይ ነውና። በዚህ ላይ አዲሱ ሞተር ወደ ራዲያተሩ ስለሚጠጋ በቺንጋ ለሚዞረው ቬንትሌተር የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። መፍትሔ ተብሎ የሚመጣው ስስ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ነው። ገዢውም ዓይኑን የሚጥለው በካርቶኑ ላይ በደማቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ በደቂቃ 2000፣ 2500፣ 3000 ኪዩቢክ ጫማ አየር። እኔ ግን ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ። መኪናው መፍላት አለመፍላቱን በይበልጥ የሚወስኑት ቬንትሌተሩ የሚታሰርበት ሽፋንና የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ቬንትሌተር መቼ እንደሚያስፈልግ ማየት ይገባል። መኪናው በሰዓት ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ መሃል እየተገፋ ስለሚያልፍ ቬንትሌተሩ ቢጠፋም ግድ የለም። ሥራው የሚጀምረው መኪናው ሲቆምና ሲያዘግም፣ ማለትም ሞተሩ በሚኒሞ ወይም ለሚኒሞ በቀረበ ዙር ሲሠራ ነው። እንግዲህ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚያወጣ ለቬንትሌተር ምርጫ ያን ያህል አይነግረንም። ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት በትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ አይወጣም። በሚኒሞ የሚሠራ 5.7 ሊትር ሞተር በሰዓት ሦስት ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል እንበል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ጉልበት 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በጠቅላላው 27 ኪሎዋት ማለት ነው። በተለመደው ግምት ከዚህ ሲሶው ወደ ራዲያተሩ ውኃ ስለሚሄድ የሚወገደው ሙቀት 9 ኪሎዋት ይሆናል። አየሩ በራዲያተሩ ሲያልፍ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ፣ ይህን ሙቀት ይዞ ለመውጣት በሰከንድ 0.3 ኪዩቢክ ሜትር፣ በካርቶኑ ቋንቋ ደግሞ በደቂቃ 640 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይበቃል። ኤርኮንዲሽነር ከተገጠመ ኮንደንሰሩ ከፊት ሆኖ አየሩን አስቀድሞ ስለሚያሞቀው ፍላጎቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እጥፍ ቢሆን እንኳ ገና 1300 አካባቢ ነን። ታዲያ 2000 ተብሎ የተሸጠ ቬንትሌተር የተገጠመለት መኪና መብራት ላይ ቆሞ የሚፈላው ለምንድን ነው?

የመልሱ አንድ ክፍል በቁጥሩ አወጣጥ ላይ ነው። በማስታወቂያ የሚጻፈው ቁጥር በአብዛኛው ቬንትሌተሩ ከፊቱም ከኋላውም ምንም ሳይጋርደው በነፃ አየር ሲሽከረከር የተለካ ነው። መኪናው ላይ ሲታሰር ግን ከፊቱ የፍርግርጉ ዘንጎች፣ ምናልባትም ኮንደንሰሩ፣ ከዚያም በስስ ቆርቆሮ የታጨቀው ራዲያተር ይቆማሉ፤ ከኋላው ደግሞ የሞተሩ ግንባር አለ። ይህ ሁሉ ተቃውሞ ሲደማመር የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን በቬንትሌተሩ አሠራር ይወሰናል። በነፃ አየር እኩል ቁጥር ካስመዘገቡ ሁለት ቬንትሌተሮች ጠንካራ ሞተርና ጥልቀት ያለው ክንፍ የያዘው ተቃውሞውን ተቋቁሞ አብዛኛውን አየር ሲያሳልፍ፣ ስስ ክንፍና ደካማ ሞተር ያለው እዚያው ሊታነቅ ይችላል። ስለዚህ በጣሊያኗ ኮሬጆ ከተማ እንደሚገኘው ስፓል ያሉ አምራቾች ግፊቱ ሲጨምር የአየሩ መጠን እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ መነበብ ያለበት እሱ ነው። ሰንጠረዥ ያላወጣ ሻጭ ሲያጋጥም አምፔሩን መጠየቅ ይበጃል። አየር መግፋት ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ባለ 16 ኢንች እውነተኛ ቬንትሌተር 20 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል፤ ካርቶኑ 2500 ኪዩቢክ ጫማ ብሎ ከጎኑ 8 አምፔር ብቻ ከጻፈ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ባላምን አይፈረድብኝም።

ከሞተሩም ከክንፉም ይልቅ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው ሽራውድ የሚባለው ሽፋን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የራዲያተሩ ፊት 45 በ55 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 2475 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። 40 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ቬንትሌተር በባዶው ቢለጠፍበት የሚሸፍነው 1257 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ግማሹን ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ራዲያተር፣ በተለይ ማዕዘኖቹ፣ መኪናው በቆመበት ሰዓት እንደሌለ ይቆጠራል። ሽፋኑ የራዲያተሩን ፊት በሙሉ ከዳር እስከ ዳር አቅፎ አየሩ በሁሉም በኩል እንዲገባ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ጠፍጣፋ ሆኖ በራዲያተሩ ላይ ቢለጠፍ ጥቅሙ ይጠፋል፤ አየሩ ከማዕዘን ወደ መሃል የሚሄድበት ክፍተት ቢያንስ ሦስት፣ ከተቻለ አምስት ሴንቲሜትር ያስፈልገዋል። በጠባቡ የ1932 ፎርድ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ያለው ቦታ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ወፍራም ሞተር ያለውን ባለ ትልቅ ቁጥር ቬንትሌተር ገዝቶ ሽፋኑን ከመተው፣ ቀጠን ያለውን መርጦ ለሽፋኑ ቦታ መስጠት ይበልጣል። ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር ቢስብም ይሻላል፤ ከፊት ሆኖ ሲገፋ መኪናው በሚሮጥበት ጊዜ የነፋሱን መንገድ ይጋርዳል፣ ሙሉ ሽፋን ለመሥራትም አይመችም። ከፊት ማሰር የግድ ሲሆን ሽቦውን ማገላበጥ ብቻውን አይበቃም፤ ክንፉም ካልተገለበጠ ቬንትሌተሩ በተሳሳተው ጎኑ ይዞራል። ሽፋን በፍጥነት ሲነዳ አየር ያግዳል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ በሽፋኑ ላይ ነፋሱ ሲበረታ የሚከፈቱ፣ ቬንትሌተሩ ሲስብ የሚዘጉ የጎማ መስኮቶች ይሠሩለታል። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በራዲያተሩ ስስ ቆርቆሮዎች መሃል ተወግተው የሚያልፉ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ከብዙ ቬንትሌተር ጋር በካርቶን ውስጥ ይመጣሉ፤ መጣል ነው። ንዝረቱ ቆይቶ የውኃ ቱቦውን ሊበሳው ይችላል።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ የብዙ ሆት ሮድ ደካማ ጎን ይገለጣል። አምራቾች ቬንትሌተር የሚለኩት በ13 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ቮልት ነው። መኪናው ላይ ግን ከፍተኛው አየር የሚፈለገው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነው፤ አልተርኔተሩም ትንሹን ከረንት የሚሰጠው በዚያው ሰዓት ነው። በብዙ ሆት ሮድ ላይ የሚታየው የአሮጌ ሸቭሮሌ አልተርኔተር ጀርባው ላይ 63 አምፔር ቢጻፍበትም፣ ያ የሚገኘው በከፍተኛ ዙር ነው፤ በሚኒሞ የሚሰጠው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ ላይ የፊት መብራቱ፣ ማቀጣጠያው፣ የቤንዚኑ ፓምፕ ሲቀነሱ ለቬንትሌተሩ የሚጎድለው በባትሪው ይሞላል፤ ቮልቱም እየወረደ ይሄዳል። ሽቦው ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባትሪው ከኋላ ባለበት መኪና መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 6 ሜትር ቢሆንና 25 አምፔር ቢያልፍበት፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ብቻውን 1 ቮልት ይበላል፤ 6 ካሬ ሚሊሜትር ያለው ግን ከግማሽ ቮልት በታች። የዝገት ሽፋን ያለው ማሳ፣ ማለትም ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ተጨምሮበት 13.5 ቮልት ሊደርሰው ለሚገባው ቬንትሌተር 11.3 ቢደርሰው፣ ዙሩም አየሩም በግምት ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል። ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ ማስተካከያው ደግሞ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የተፋቀ ማሳና በሚኒሞ በቂ ከረንት የሚሰጥ አልተርኔተር ነው። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ መሃል ላይ ሪሌ መኖር አለበት፤ ሃያ አምፔር በዳሽቦርድ ማብሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ እሳት መጥራት ነው።

ከሪሌው ጋር የሚሄደው የሙቀት ማብሪያ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከቴርሞስታቱ ጋር ካልተናበበ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ከሆነ ቬንትሌተሩ በ92 አካባቢ ተነሥቶ በ86 አካባቢ ቢጠፋ ተገቢ ነው። በ80 ዲግሪ እንዲጠፋ የተደረገ ቬንትሌተር ግን ውኃው ወደዚያ ስለማይወርድ ጨርሶ አይጠፋም፤ ባለቤቱም ቬንትሌተሩ ደከመ ብሎ ሌላ ይገዛል።

ከትንሽ ትልቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ቦታውና ኤሌክትሪኩ ካለ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 ሞዴል ከነበረው ሊንከን ማርክ 8 ወይም ከፎርድ ቶረስ የተፈታ ቬንትሌተር ከነሽፋኑ ከቁራሌ ቤት በርካሽ ይገኛል፤ የፋብሪካ መሐንዲሶች ለእውነተኛ መኪና የለኩት ስለሆነም በማስታወቂያ ቁጥር ብቻ ከተሸጠው ስንቱን ይበልጣል። ግን ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበው ከረንት ተራ ሪሌ ሊያቀልጥ የሚችል ነው፤ ደካማ አልተርኔተር ላይ ሲታሰር መብራቱ ይደበዝዛል፣ ባትሪው ይደክማል። ብራሽ የሌለው ሞተር ያላቸው አዳዲሶቹ ቬንትሌተሮች ይህን ችግር በመጠኑ ይፈታሉ፤ ቀስ ብለው ይነሣሉ፣ ዙራቸውንም እንደ ሙቀቱ ይለዋውጣሉ። ዋጋቸው ግን የዋዛ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከነባሮቹ ይመጣል፦ በቺንጋ የሚዞረው ቬንትሌተር ሽቦ የለው፣ ሪሌ የለው፣ ለምን ይቀየራል? ቦታ ካለ፣ ሽፋን ካለው፣ በሚኒሞም ውኃውን ከያዘ አይቀየር። ፊውዝ የማይቃጠልበት ዕቃ ክብር ይገባዋል። ጉድለቱ ዙሩ ከሞተሩ ዙር ጋር መታሰሩ ነው። በሚፈለግበት በሚኒሞ ላይ ይንቀረፈፋል፣ በማይፈለግበት በፈጣን መንገድ ላይ ይከንፋል፤ ለማዞር የሚወስደው ጉልበትም ዙሩ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ያድጋል። ኤሌክትሪኩስ ጉልበት አይበላም ወይ ለሚል፣ ይበላል። 25 አምፔር በ13.5 ቮልት 340 ዋት ያህል ነው፤ የአልተርኔተሩ ብክነት ሲታከልበት ከሞተሩ የሚወሰደው ከአንድ የፈረስ ጉልበት ያንሳል፤ እሱም ቬንትሌተሩ ሲበራ ብቻ ነው።

የቀረው በፈጣን መንገድ ላይ የሚፈላው መኪና ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ የሚወጣበት መኪና ችግሩ የቬንትሌተር ማነስ ሊሆን አይችልም፤ እዚያ ፍጥነት ላይ ቬንትሌተር ሥራ የለውምና። መመርመር ያለበት ሌላ ነው። የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝገት ተደፍነው ይሆናል፣ ማቀጣጠያው ዘግይቶ ይሆናል፣ ውስጡ የማጠንከሪያ ሽቦ የሌለው የታችኛው የውኃ ጎማ በፓምፑ ስበት እየተጨፈለቀ ይሆናል፤ ወይም ከራዲያተሩ ያለፈው አየር ከሞተሩ ክፍል መውጫ አጥቶ ይሆናል። የመጨረሻው በተለይ የኮፈኑ ጎኖች በተዘጉ መኪኖች ላይ የሚታይ ነው፤ ጎኖቹን ነቅሎ አንድ ዙር መንዳት ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ሰው ግን ከዚህ በፊት ሁለተኛ ቬንትሌተር ገዝቶ ከፊት ያስርና ነፋሱ ይገባበት የነበረውን ቀዳዳ ራሱ ይዘጋል።