አዲስ ዲስክ ተጨምሮለት አልነሣም ስላለ ኮምፒዩተር



የዛሬው ንግግራችን በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚያጋጥም አንድ ችግር ነው። ይኸውም በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ኮምፒዩተር ዲስኩ ሞልቶበት ሌላ ዲስክ ሲጨመርለት፣ ትናንት ያለ አንዳች እንከን ይሠራ የነበረው መሣሪያ ዛሬ አልነሣም ብሎ መቅረቱ ነው። ነገሩ ተራ የመሣሪያ ብልሽት ይመስላል። ነገር ግን በዚያ በቀድሞው ዲስክ ውስጥ የብዙ ዓመት ደብዳቤ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የባለጉዳዮች ማመልከቻና ውሳኔ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ ከብልሽቱ ይልቅ የሚያሠጋው፣ ብልሽቱ በታየበት ሰዓት በድንጋጤ የሚወሰደው እርምጃ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር በልባችን እንያዝ። ኮምፒዩተሩ አልነሣም ማለት ሰነዱ ጠፋ ማለት አይደለም። የመዝገብ ቤቱ በር አልከፈት ቢል በውስጡ ያለው ፋይል ተቃጠለ አይባልም። እንደዚሁም ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው ዲስክ ጤነኛ ነው፤ የተሰናከለው ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው። እንግዲህ «ፎርማት አድርገን ዊንዶውስን እንደ ገና እንጫነው» የሚል ምክር ሲቀርብ ቶሎ መቀበል አይገባም። ፎርማት ማድረግ መዝገቡን መደምሰስ ነውና። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በዲስክ ላይ የፈሰሰውን ግን መልቀም ሁልጊዜ አይቻልም።

ችግሩን ለመረዳት ኮምፒዩተር ሲበራ በየተራ የሚያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል። ማብሪያው ሲጫን ፓወር ሰፕላይ የተባለው ክፍል ከግድግዳው የመጣውን ኃይል ለውጦ ለየክፍሉ ያከፋፍላል። ቀጥሎም በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ሥራ ይጀምራል። ይህ ፕሮግራም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ከወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ጀምሮ ባዮስ በሚባል ስም ታውቋል። ዛሬ ዩ ኢ ኤፍ አይ የሚባለው አዲስ ዓይነት ቢተካውም ሰው አሁንም ባዮስ እያለ ይጠራዋል። ባዮስ በመጀመሪያ ሚሞሪውንና ስክሪኑን ይመረምራል፤ ከዚያ የተገናኙትን ዲስኮች ይቆጥራል፤ በመጨረሻም በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት ዊንዶውስ ወዳለበት ዲስክ ሄዶ ሥራውን ያስረክባል። አዲሱ ዲስክ ከነዚህ ደረጃዎች በማናቸውም ላይ መሰናክል ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው መፍትሔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከሶኬቱ መንቀል፤ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት፤ ከዚያም በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን እንዳይጎዳ የሣጥኑን ብረት በእጅ መንካት ያሻል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ የአዲሱን ዲስክ ሁለቱንም ገመዶች፣ ማለት የኃይሉንና የመረጃውን፣ ነቅሎ መሣሪያውን እንደ ገና ማብራት ነው። ከተነሣ ምክንያቱ በአዲሱ ዲስክ፣ በገመዱ ወይም በቅደም ተከተሉ እንደሚገኝ ተረጋገጠ። ካልተነሣ ግን ሣጥኑ በተከፈተ ጊዜ እጅ የነካው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየውን ምልክት በአራት ከፍሎ መመርመር ይጠቅማል።

አንደኛው ምልክት፣ ድምፅም መብራትም ፈጽሞ አለመኖሩ ነው። ይህ የኃይል ጉዳይ ነው። ሶኬቱን፣ በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማጥፊያና ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ወፋፍራም ገመዶች መመልከት ይገባል። መሣሪያው አዲሱ ዲስክ ሲገናኝ ብቻ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩ በመስመሩ ላይ የኃይል መነካካት አግኝቶ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ገመዶቻቸው የሚነቀሉና የሚሰኩ ፓወር ሰፕላዮች አሉ። ከሌላ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ የመጣ ገመድ በቀዳዳው ልክ ቢገባም፣ የውስጥ ሽቦው አሰላለፍ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ዲስኩን ያቃጥላል። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ከመጣው ገመድ በቀር ሌላ መጠቀም አይገባም።

ሁለተኛው ምልክት፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ መቅረቱ ነው። ይህ ሲሆን ዲስኩን በሚያስገባው እጅ ራም ወይም የስክሪን ካርድ ከቦታው ተነቃንቆ ይሆናል። ኃይሉን ነቅሎ፣ አውጥቶ በሚገባ መልሶ መሰካት ነው። መሣሪያው የሚያሰማው የጢጥታ ድምፅ ቢኖር ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ ቆጥሮ፣ ትርጉሙን ከማዘርቦርዱ መመሪያ መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል።

ሦስተኛውና በብዛት የሚያጋጥመው ምልክት፣ ስክሪኑ በርቶ «ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ቃል መውጣቱ ነው። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ባዮስ ወደ አዲሱ ዲስክ መሄዱ ነው። መሣሪያው ሲበራ በብዙዎቹ ዘንድ ዴሊት ወይም ኤፍ 2 የተባለውን ቁልፍ እየነኩ ወደ ባዮስ ገብቶ፣ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ፊተኛ ማድረግ ይበቃል። በተለይም አዲስ የተባለው ዲስክ ከሌላ ኮምፒዩተር የወጣና አሮጌ ዊንዶውስ ያለበት ከሆነ፣ ባዮስ በእርሱ በኩል ለመነሣት እየሞከረ ሊሰናከል ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። እንደ ማስቲካ ስስና ጠባብ የሆነው ኤም ዶት ቱ የሚባለው ዲስክ በማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ፣ በብዙ ማዘርቦርዶች ከሳታ መሰኪያዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ሁለቱ አንድ መስመር ይጋራሉና። የቀድሞው ዲስክ በዚያ መሰኪያ ላይ ከነበረ ከባዮስ ዓይን ይሰወራል። ይህ ሲሆን አንዱም አልተበላሸም፤ ገመዱን ወደ ሌላ መሰኪያ ማዛወር ብቻ ነው። ሦስተኛው ምክንያት የገመድ መላላት ነው። በቀድሞው ዘመን ሁለት ዲስክ አንድ ሰፊ ገመድ ይጋራ ስለ ነበረ የትኛው አለቃ፣ የትኛው ተከታይ እንደሚሆን በትንሽ መሰኪያ ማመልከት ያስፈልግ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣው ሳታ ለየዲስኩ የየራሱን ገመድ ሰጥቶ ይህን ድካም አስቀረ፤ ሆኖም ገመዱ ትንሽ በመሆኑ ሳይታወቅ ሊነቃነቅ ይችላል።

አራተኛው ምልክት፣ ዊንዶውስ ጀምሮ በሰማያዊ ስክሪን ላይ መቆሙ ነው። በባዮስ ውስጥ የዲስኮቹ አሠራር ከኤ ኤች ሲ አይ ወደ ሬይድ ወይም ከሬይድ ወደ ኤ ኤች ሲ አይ ተለውጦ እንደ ሆነ ወደ ነበረበት መመለስ ይገባል። ደግሞም ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ጥበቃ የተቆለፈ ከሆነ፣ በአነሣሡ ላይ ለውጥ ሲያይ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የዘበኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ይህ ቁጥር የት እንደ ተጻፈ ማወቅ የኃላፊው ፈንታ ነው።

መሣሪያው ከተነሣ በኋላም አንድ የጥንቃቄ ሥፍራ አለ። ዊንዶውስ አዲሱን ባዶ ዲስክ ለሥራ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ይጠይቃል። «እሺ» ከማለት በፊት የዲስኩን መጠን አንብቦ አዲሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ጥያቄው ስለ ቀድሞው ዲስክ የቀረበ ከሆነ ግን ፈጽሞ መቀበል አይገባም። መጠኑ ከ2 ቴራባይት የሚበልጥ ዲስክ ሲሆን ጂ ፒ ቲ የተባለውን አከፋፈል መምረጥ ይሻላል፤ ኤም ቢ አር የተባለው የቀድሞ አከፋፈል አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ያለውን ቦታ ሊጠቀምበት አይችልምና።

መቆም የሚገባበት ጊዜም አለ። ከቀድሞው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢሰማ ወይም የቃጠሎ ሽታ ቢመጣ፣ መሣሪያውን አጥፍቶ ለባለሙያ ማስረከብ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ማብራት ሰነዱን የማዳን ተስፋ ያሳንሳል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት አስቀድሞ የሚወሰደው ነው። ሣጥኑ ሳይከፈት የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ፤ ገመዶቹ እንዴት እንደ ተያያዙ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የተለወጠውን መጻፍ ይገባል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መሣሪያው ቢነሣለት እንኳ የቱ እንዳስነሣው አያውቅም። በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሰነድ የሠራተኛው የግል ንብረት ሳይሆን ጉዳዩን ለመፈጸም ደጅ የሚጠና ሰው ሁሉ አደራ ነው። አደራን በትዕግሥት መጠበቅ የሙያው ክፍል መሆኑን አንዘንጋ።