ጅቡ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቤት ግቡ

ሐረርን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ጅብ ነው። ማታ ከከተማዋ ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ አየ፣ ጠዋት ቡና ገዛ፣ ሄደ። እኔን ይህ ያንገበግበኛል። ጅቡም ይታይ፤ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም ይታይ፣ ምንም እንኳ ራምቦ የኖረበት ሳይሆን የህንድ ነጋዴ ያሠራው ቢሆንም። የከተማዋ ትልቁ ሀብት ግን የሐረሪዎች መኖሪያ፣ ጌይ ጋር ነው።

አሮጌዋን ከተማ ስለሚከበው ስለ ጀጎል ግንብ ብዙ ተብሏል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠሩት፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከነአሮጌዋ ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እኔ ግን ወደ ግንቡ ውስጥ ልውሰዳችሁ።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስታችሁ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚንጫጫበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ውረዱ፤ ከዚያ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ታጠፉ። ከውጭ የሚታየው አጥርና በር ብቻ ነው። ጉዱ ያለው ውስጥ ነው።

ሳሎኑ ወንበር የለውም። ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ እያለ መቀመጫ ይሆናል፤ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፤ አምስት ናቸው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እዚያ ተቀምጦ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ትልቁ ነደባ አለ፣ ትንሹ አለ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው አለ፣ ከለል ያለው ሱትሪ ነደባም አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የታወቀ ነው። ግድግዳው በሴቶቹ እጅ በተሰፉ ሙዳዮችና ሰፌዶች፣ በሳህኖችም ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ከጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ትባላለች፤ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት።

አንድ ጎብኚ ፎቶ ለመነሳት ጫማውን ሳያወልቅ አሚር ነደባ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። የቤቱ እመቤት ዝም አሉ፤ እንግዳ ነዋ! እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጫማችሁን ደጃፍ ላይ አውልቁ፣ «የት ልቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። በመግቢያው ክፍያም አትከራከሩ፤ ቤቱን የሚያድሱት ባለቤቶቹ ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ በጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ የሐረሪ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ዘንድ እደሩ።