በብርድ ሌሊት የተሰማ ጥሪ

ብርድ ጣራ ላለው ሰው የምድጃ ዳር ጨዋታ ነው፤ ጣራ ለሌለው ግን የሞት መልእክተኛ ነው። ዛሬ በፈረንሳይ አገር አንድ ካህን ስለ ድሆች ያሰማውን ጥሪና ከእርሱም የምንማረውን እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ ብዙ ቤት ፈርሶ፥ የመኖሪያ እጦት ጸንቶ ነበር። አባ ፒየር የተባሉት የካቶሊክ ካህን በ1949 ዓ.ም. ኤማሁስ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ከእስር የወጣና ተስፋ የቆረጠ አንድ ሰው በመጣ ጊዜ፥ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ ለሌሎች ቤት በመሥራት እንዲያግዛቸው ለመኑት። ረዳት የሚሻው ሰው ራሱ ረዳት ሆነ። ማኅበርተኞቹም የተጣለ ዕቃ እየለቀሙና እየሸጡ በላባቸው ይኖሩ ነበር።

የ1954 ዓ.ም. ክረምት እጅግ በረታ። በጃንዋሪ ወር አንድ ሕፃን ወላጆቹ በተጠለሉበት አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ በብርድ ሞተ። ፌብሩዋሪ 1 ቀንም አንዲት ሴት ከቤት ያስወጣትን ወረቀት በእጅዋ እንደያዘች በፓሪስ ጎዳና ላይ ሞታ ተገኘች። በዚያው ቀን አባ ፒየር በሉክሰምበርግ ራዲዮ ጥሪ አሰሙ። የለመኑትም በደፈናው «እዘኑ» በማለት አልነበረም፤ 5,000 ብርድ ልብስ፥ 300 ትልልቅ ድንኳን፥ 200 ምድጃ ብለው ቈጥረው፥ የሚመጣበትንም ሆቴል ስም ጠርተው ነው። ሕዝቡም ወደ 500 ሚሊዮን የዚያ ዘመን ፍራንክ ሰጠ። አስቀድሞ 1 ቢሊዮን ፍራንክ የከለከለው ምክር ቤት 10 ቢሊዮን ፈቀደ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ተከራይን በክረምት ከቤት ማስወጣትን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ዛሬም ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ እውነትን ከፍለን አንናገርም። አባ ፒየር በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በ2024 ዓ.ም. ግን በክብረ ንጽሕናቸው ላይ በደል እንደፈጸሙባቸው የመሰከሩ ሴቶችን ቃል የመሠረቱት ማኅበር ራሱ ይፋ አወጣ፤ በስማቸው ይጠራ የነበረውም ድርጅት ስሙን ለወጠ። እንግዲህ ምን እንላለን? ለድሃ የተሰጠ ብርድ ልብስ የበደለኛን በደል አይሸፍንም፤ የሰጪው በደልም የበረደውን ሰው ለብርዱ እንድንተወው ምክንያት አይሆነንም። የተበደለችም የበረደውም ሁለቱም ሊሰሙ ይገባል።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሰውን ሳይሆን ሥራውን እንመልከት። ምጽዋት አንዲት ሌሊት ታሳልፋለች፤ ሕግ ግን ክረምቱን ሁሉ ያሻግራል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጌታችን ስለ ታረዘውና ስለ እንግዳው በመጨረሻው ቀን እንደሚጠይቀን አውቀን፥ ዛሬ ማታ በራችንን ከመዝጋታችን በፊት በደጃችን ማን እንዳለ እንመልከት።