የመኪና ጉልበት

አንባቢ ሆይ! ሰው ጉልበቱን ሲያመው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። መጀመሪያ ቸል ይላል፤ ቀጥሎ በቅባት ያሻል፤ በመጨረሻ መራመድ ሲያቅተው ወደ ሐኪም ይሄዳል። መኪናም ጉልበት አላት። የመኪና ጉልበት ሲታመም ግን የሚወድቀው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ በላይዋ የተቀመጠውም ከፊቷ የሚመጣውም አብሮ ይወድቃል። ዛሬ የምናጫውትዎ ስለዚሁ ጉልበት ነው።

የአጎቴ ልጅ አንዲት አሮጌ የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ አለችው። ሥራዋ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና አዲስ አበባ ማድረስ ነው። የአራት ልጆች ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከእርሷ ጀርባ ነው። አንድ ዓርብ ማታ ፊቱ ጠቁሮ መጣና «ጉድጓድ በነካች ቁጥር መሪው በእጄ ላይ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፤ ጋራዥ የጠየቁኝን ብከፍል ደግሞ የወሩ ገቢ አይበቃኝም» አለኝ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ከፋይል ገመድ በቀር ፈትቼ የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከአጥራችን ማዶ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ አሉ። ቅዳሜ ጧት ሄደን «ጋሼ፣ እባክዎን ይዩልን» ብንላቸው በርጩማቸውን ይዘው መጡና «እኔ አልነካም፤ ዓይኔ ደክሟል። እናንተ ትፈታላችሁ፤ እኔ እናገራለሁ» አሉን። ሁለቱ ቀን የተጀመረው እንዲህ ነው።

ስለ መፍታቱ ከመናገራችን በፊት ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ቶዮታ በአራቱም እግሯ የምትጎትት ሂሉክስ ማውጣት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ነው። የፊት እግሮቿን የሚያገናኘው ከባሌስትራ በታች የተዘረጋ አንድ ወጥ የብረት ቱቦ ነበር። ኋላ ለአንዳንድ አገሮች የሚላኩት እያንዳንዱ እግር ለብቻው የሚንቀሳቀስባቸው ሆኑ፤ አስቸጋሪ መንገድ ላላቸው አገሮች ግን ወጥ ቱቦው እስከ 1990ዎቹ ቀጥሏል። በ1984 የወጣው የላንድክሩዘር 70ም እስከ ዛሬ በዚሁ ዓይነት ቱቦ ይሄዳል። ስለዚህ የአንዱን ጉልበት ያወቀ የሌላውን ለማወቅ ሩቅ አይደለም።

የፊት እግር ሁለት ሥራ አለበት፤ መጎተትና መታጠፍ። ኃይሉን የሚያመጣው ሴሚያሴ በቱቦው ውስጥ ይሽከረከራል። በቱቦው ጫፍ ባዶ የብረት ኳስ አለ። ኳሱን የሚያቅፈው ቤት፣ በር በሁለት ማጠፊያ እንደሚዞር ሁሉ፣ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ጉልበት ያልነው ይኸው ቤት ነው።

በጉልበቱ ውስጥ ሴሚያሴው እየታጠፈ ሳለ ኃይል የሚያሳልፍ መጋጠሚያ አለ። ተራው የመስቀል መጋጠሚያ ሲታጠፍ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ እግሩም ይንገራገጫል። ይህን መላ የመታው አልፍሬድ ርዜፓ የሚባል መሐንዲስ ነው። በ1920ዎቹ ስድስት የብረት ኳሶች በጎድጓዳ መስመር ላይ እንዲንሸራተቱ አድርጎ፣ ምንም ቢታጠፍ ፍጥነቱ የማይለዋወጥ መጋጠሚያ ሠራ። በብዙ አገር መካኒኮች ዘንድ ይህ ዕቃ ቢርፊልድ ይባላል፤ ስሙ ያመርተው ከነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንመለስ። የዲፈረንሲያሉ ዘይት ወደ ጉልበቱ እንዳያልፍ የሚከለክለው በቱቦው ጫፍ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ፓራኦሊዮ ነው። ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው። እርሱ ሲያረጅ ቀጭኑ ዘይት ያልፍና ወፍራሙን ግራሶ ያቀጥነዋል። ግራሶው እንደ ሾርባ ሆኖ በኳሱ ላይ ይፈስሳል፤ አቧራና ውኃም በዚያው መንገድ ይገባሉ። ኩሽኔታው ይደርቃል፣ ይበላል፤ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የትንሿን ጎሚኒ ሞት ያላዳመጠ ሰው የትልቁን ብረት ጩኸት ይሰማል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ያዘዙን መፍታት ሳይሆን መመርመር ነበር። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመን የኋላ እግሮቿን በድንጋይ አገድን፤ ፊቷን በክሪክ አንሥተን ከቱቦው ሥር ጠንካራ የብረት ማቆሚያ አስገባን። «በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው፣ ኑዛዜውን ጽፎ ይግባ» አሉን። ከዚያ የአጎቴ ልጅ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ ጋራዥ ቤት «ጨዋታ አለው» የሚሉት መላላት ተገኘ። ያን ጊዜ እኔ ፍሬን እንድይዝ ታዘዝሁ። ፍሬን ሲያዝ መላላቱ ቢጠፋ ጥፋቱ የእግሩ ኩሽኔታ ነበር። አልጠፋም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጉልበቱ ነው።

መፍታቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጎማው፤ ቀጥሎ የፍሬኑ መያዣ። ይህን በሽቦ ማንጠልጠል ነው እንጂ በጎማ ቱቦው ላይ ማንጠልጠል አይገባም፤ ቱቦው ውስጡን ይቀደዳል። ከዚያ በእጅ የሚጠመዘዘው የእግሩ መቆለፊያ፣ ሞዞው፣ ሞዞው የሚዞርበት ግንድ፣ በመጨረሻም ሴሚያሴው ከነቢርፊልዱ ይወጣል። እኔ የመዝገብ ቤት ልምዴ ጠቀመኝ፤ የወጣውን ዕቃ ሁሉ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ላይ»፣ «ታች» እያልሁ በካርቶን ላይ እየጻፍሁ በተራ ደረደርሁ። ሽማግሌው አይተው «ይኸ ልጅ ከመካኒክ ሁሉ ይሻላል» ቢሉኝ፣ የደረጃ ዕድገት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

የመሪው ክንድ ከጉልበቱ ጋር የሚያያዝባቸው ዳዶዎች ላይ ስንደርስ ግን ጨዋታው አበቃ። ክንዱ በአራት ዳዶ ይታሰራል። በየዳዶው ሥር እንደ ሾጣጣ ሆኖ የተሰነጠቀ ቀለበት አለ፤ እርሱን ለማውጣት ዳዶውን እስከ ጫፍ አላልቶ በነሐስ ዘንግ ላይ በመዶሻ መምታት ያስፈልጋል። በቀኙ በኩል ብዙ ደከምን። በግራው ግን የመጀመሪያው ዳዶ ያለ መፍቻ በጣት ዞረ። ሁለተኛውም ላላ ነበር።

ማንም አልተናገረም። ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሥተው ጎንበስ ብለው አዩና «ዳዶው ሲላላ ሸክሙ ሁሉ በቡሎኑ ላይ ይወድቃል። አንዱ ሲሰበር ሌላው ይከተላል። ያን ጊዜ መሪውን ብታዞረው እግሩ አይሰማህም» አሉ። የአጎቴ ልጅ በዚያው ሳምንት ሽንኩርቱን ጭኖ፣ ሚስቱንና ትንሹን ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ከመቂ መጥቷል። ወደ ግቢው ጥግ ሄዶ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

እሑድ የማጠብና የመግጠም ቀን ሆነ። ዕቃው የሚታጠበው በናፍታ ነው፤ በቤንዚን ማጠብ እሳት መጥራት ነው። ድሮ የነበረው ኩሽኔታ ሲታጠብ በማቀፊያው ላይ የማሽላ ፍሬ የሚያህሉ ጠባሳዎች ታዩ፤ ለዓመታት በአንድ ቦታ ሲመታ የቀረጸው ነው። ኩሽኔታው ከነማቀፊያው፣ ፓራኦሊዮዎቹና የኳሱ መጥረጊያ ጎሚኒዎች በአዲስ ተተኩ፤ የላሉት ቡሎኖችም እንዲሁ። ቢርፊልዱን ግን ኳሶቹና መስመሮቹ ስላልተበሉ አጥበን ሞሊብዲነም ባለበት ግራሶ ሞልተን መለስነው።

ትልቁ ጥበብ ጉልበቱ ምን ያህል ጠብቆ ይታሰር የሚለው ነው። ከላላ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል፣ መሪውም ይከብዳል። ጥብቀቱ የሚስተካከለው ከክንዱ ሥር በሚገቡ ስስ ቆርቆሮዎች ነው፤ ሲቀነሱ ይጠብቃል፣ ሲጨመሩ ይላላል። የሂሉክስ መጽሐፍ፣ ሴሚያሴውና መጥረጊያ ጎሚኒው ሳይገቡ የክንዱ ጫፍ በሚዛን ሲሳብ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ባለ ኃይል እንዲዞር ያዝዛል። «ሚዛን ከየት እናምጣ?» ስንል የአጎቴ ልጅ ሳቀና ከመኪናዋ ውስጥ የሽንኩርት ማንጠልጠያ ሚዛኑን አወጣ። መጀመሪያ ስንስበው 2 ኪሎ እንኳ አልሞላም። አንድ ቆርቆሮ ቀነስን፤ 4 ኪሎ ተኩል ሆነ። ሽማግሌው «በቃ፤ እሰሩት» አሉ።

ከመታሰሩም በኋላ ነገሩ አላለቀም። አዲስ የታሰረ ዕቃ በጉዞ ቦታውን ስለሚይዝ ዳዶው ሊላላ ይችላል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ስምንቱም ዳዶ ዳግመኛ መጥበቅ አለበት። ይህን የሚዘነጋ ሰው የሁለት ቀን ድካሙን በሜዳ ጣለው ማለት ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባል የለ! የቸኮለ ነጂ ግን የሚለቅመው እንኳ አያገኝም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! ይህን አንብበው ነገ ብቻዎን የመኪና ጉልበት ይፍቱ አንልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈታ ሰው የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ሊኖረው ይገባል፤ የመሪ ነገር በግምት አይሠራም። የምንለው ይህን ነው። መማር ማለት እጅን ከግራሶ መሸሸግ ማለት አይደለም። በዚያ ግቢ ውስጥ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሥርዓት፣ የነጂው ጉልበትና የሽማግሌው ዕውቀት አንድ ላይ ባይገናኙ ኖሮ ያ ዳዶ በጣት የሚዞር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

በሁለተኛው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከመቂ ተመልሶ በቀጥታ እኛ ቤት ቆመ። ሽንኩርቱን ገና አላራገፈም። ከመቀመጫው ሥር መፍቻውን አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። ሥራ ልብሴን ሳልቀይር፣ ክራቫቴን ወደ ትከሻዬ ጥዬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ከስምንቱ ዳዶ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ጠበቁ፤ የቀሩት አልተነቃነቁም። የሸሚዜ እጅጌ የግራሶ ምልክት አለበት፤ ባለቤቴ እስካሁን ድረስ በሳሙና ልታስለቅቀው አልቻለችም።