ጥቁር አሸዋ፣ የወርቅ ማጠቢያ ሳህንና ሸክም፦ መሣሪያ ከመግዛት በፊት በፎገራ ሜዳ የሠራነው ስሌት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሳህን፣ ስለ ወንፊት፣ ስለ ጆንያና ስለ አህያ በመሆኑ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የማይመጥን ይመስላችሁ ይሆናል። ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በበጋ ወደ ወረታ በሄድሁበት ጊዜ ከጉማራ ወንዝ ዳር የዘገነውን አሸዋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ አመጣልኝ። አሸዋው ጥቁር ነው፤ በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። «ጋሼ፣ ወርቅ ባለበት ሁሉ ጥቁር አሸዋ አለ ይላሉ፤ እስኪ ይህን ይዩልኝ» አለኝ።

ነገሩን ሳጣራው ከጠርሙሱ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት። ከአንድ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ ከውጭ የመጣ የወርቅ ማጠቢያ ሳህን፣ የወርቅ መጠቆሚያ መሣሪያ (ዲቴክተር) እና የእጅ ጋሪ ሊገዛ ተስማምቷል። ገንዘቡን ለማግኘት ያሰበው ሽንኩርት የሚያጠጣበትን የውሃ ሞተር ሸጦ ነው። ፎገራን የምታውቁ ሁሉ፣ ሞተር የሌለው ሰው በበጋ ምን እንደሚቀረው ታውቃላችሁ።

ልጁ የሰማው አባባል ስሕተት አይደለም፤ የተገለበጠ ነው እንጂ። ወርቅ ባለበት ጥቁር አሸዋ አብሮ ይገኛል። ጥቁር አሸዋ ባለበት ግን ሁልጊዜ ወርቅ አይገኝም። ውሃ የሚለየው በክብደት ነው። ወርቅ በመጠን ከሚተካከለው ውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር የብረት ማዕድን 5.2 እጥፍ፤ ነጩ የኳርትዝ አሸዋ ደግሞ 2.65 እጥፍ። ወንዙ ቀላሉን እያነሣ ሲወስድ ከባዶቹ አብረው ወደ ታች ይቀራሉ። ስለዚህ ጥቁሩ አሸዋ የሚነግረን «እዚህ ቦታ ውሃው ከባድ ነገር አስቀምጧል» የሚለውን ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ምን እንደሆነ የሚወስነው ወንዙ የተነሣበት ዐለት ነው።

ጉማራና ርብ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ጉናም ሆነ በዙሪያው ያለው ደጋ በእሳተ ገሞራ ዐለት የተሸፈነ ሲሆን፣ የሰሜን ምዕራብ ደጋችን መሠረት የሆነው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። የኢትዮጵያ ወርቅ የሚገኘው ከዚህ እጅግ በሚያረጁ ዐለቶች ውስጥ ነው፤ በጉጂ አዶላና ለገደምቢ፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በትግራይ ምዕራባዊ ክፍል። እነዚህ አሮጌ ዐለቶች በእኛ አካባቢ ካሉም ከወፍራም ባዛልት ሥር ተቀብረዋል፤ ጉማራ አይደርስባቸውም። ባዛልት ሲፈራርስ የሚሰጠው ማግኔታይት፣ ጥቁር ፓይሮክሲንና አረንጓዴ ኦሊቪን ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያብለጨለጨውም ይኸው ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርሁት። በትሕትና አዳመጠኝ፤ አላመነኝም። ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሞተሩን ለመሸጥ የቆረጠ ሰው በዘመድ ቃል ብቻ መመለስ የለበትም። ስለዚህ እንታጠብና እንይ ተባባልን፤ መሣሪያ የመምረጥ ጉዳይም እዚህ ላይ ይጀምራል።

በወርቅ ሥፍራዎቻችን ሲሠራበት የኖረው ከእንጨት የተቦረቦረ ገበቴ ነው። የእንጨቱ ሸካራነት ደቃቁን ወርቅ ይይዛል፤ ዕቃውም በአካባቢው ይጠረባል። ሆኖም ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የብረት ሳህን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ይዝጋል፣ ከፋብሪካ የወጣበት ቅባት በእሳት ካልተቃጠለ ደግሞ ደቃቁ ወርቅ ቅባቱን ይዞ ይንሳፈፋል። የፕላስቲክ ሳህን ቀላል ነው፤ በጎኑ የተሠሩት እርከኖች ከባዱን ያግዳሉ፤ በተለይም ማግኔት ከሥሩ ሲያንቀሳቅሱ ጥቁሩን አሸዋ ለመለየት ያስችላል። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ብጫው ፍንጣሪ ጎልቶ ይታያልና።

ሰው የሚሳሳተው በስፋቱ ነው። ትልቅ ሳህን ብዙ ወርቅ የሚሰጥ ይመስለዋል። 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን እርጥብ አሸዋ ሲሞላ እስከ 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን በሁለት እጅ ይዞ ቁጢጥ ብሎ ቀኑን ሙሉ ማወዛወዝ ነው ሥራው። ጀማሪ ከሆናችሁ ግማሹን ሙሉ፤ ለመጨረሻው ማጣሪያ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ሳህን ያዙ።

የውሃ ዳርቻ አሸዋ የራሱ ችግር አለው። በባሕርና በሐይቅ ዳርቻ ማዕበል አሸዋውን ደጋግሞ ስለሚያጥበው ከባዱ ማዕድን እንደ ጥቁር ሰንበር ተዘርግቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1899 በአላስካ ኖም የባሕር ዳርቻ ላይ ብዙ ሕዝብ የተረባረበው እንዲህ ባለ አሸዋ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገኘው ወርቅ ግን ብዙውን ጊዜ ደቃቅና ጠፍጣፋ ነው፤ በውሃው ገጽ ላይ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል። በውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ወደ ታች እንዲሰጥም ይረዳዋል። በእኛ በኩል ያለው የጣና ዳርቻ፣ ናበጋንና ዋገጠራን የመሰለው፣ ለዚህ እንኳ አይመችም። ወንዞቹ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ስለሚደክም አሸዋውን በመንገዳቸው ጥለው ወደ ሐይቁ የሚያደርሱት ደለል ነው።

ሳህኑ ከተገኘ በኋላ አጣቢውን መፈተን ያስፈልጋል። አሥር የእርሳስ ፍንጣሪዎች (የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፣ ብረቱን ነው) በመዶሻ ጠፍጥፈን ከአሸዋ ጋር ቀላቀልን። እርሳስ ከውሃ 11.3 እጥፍ ስለሚከብድ፣ እርሱን የማያስቀር እጅ ደቃቅ ወርቅን ሊያስቀር አይችልም። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከአሥሩ አራቱን ብቻ አገኘ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኙን አስቀረ። ከዚያ በፊት የሚያጥበው ሁሉ ምንም ሊነግረን አይችልም ነበር። እርሳስ መርዝ ነውና እጅ መታጠብ አይዘንጋ። ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ግን ወደዚህ ሥራ በጭራሽ አይቅረብ፤ ትነቱ ያጣቢውን አንጎል ይጎዳል፤ ውሃ ውስጥ የገባውም ወደ ዓሣው ይሄዳል።

አሁን ወደ ሸክሙ ልመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እርጥብ አሸዋ ወደ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 50 ኪሎ ዩሪያ የነበረበትን የማዳበሪያ ጆንያ እርጥብ አሸዋ ብትሞሉበት ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ስፌቱ ይበጠሳል ወይም የተሸካሚው ወገብ ይጎዳል። አህያ ላይ የሚጫነው ከሆነ በግራና በቀኝ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ማሳለፍ ግፍ ነው። ነጋዴው ያቀረበው ባለ አንድ ቀጭን ጎማ የእጅ ጋሪ በደረቅ መንገድ ይሄዳል፤ የፎገራ ዋልካ ትንሽ ዝናብ ካገኘ ግን ጎማውን ይውጠዋል። ሁለት ሰው የሚሸከመው የግንባታ ባሬላ ይሻላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አሸዋውን አለመሸከም ነው። አንድ የለመደ ሰው በቀን 50 ሳህን ቢያጥብ 400 ኪሎ ግራም፣ ማለት 10 ጀሪካን አሸዋ ይፈልጋል። ውሃው 200 ሜትር ቢርቅ በደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ከነሸክሙ። በዚህ ፈንታ ግማሽ በርሜል ቁፋሮው አጠገብ አቁሞ ውሃውን አንድ ጊዜ መሙላትና በዚያው ውስጥ እየደጋገሙ ማጠብ ይቻላል። ከዚያ በፊት ጠጠሩን በወንፊት ማስቀረት ነው። ይህ ብልሃት ለእናቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ምርቱን የሚያበጥሩት አውድማ ላይ ነው፣ ገለባውን ቤት ድረስ አይሸከሙትም። ስለዚህ የሸክም መሣሪያችን ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ወንፊትና ግማሽ በርሜል ሆነ። ዲቴክተሩን ጨርሶ ተውነው፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ ወርቅን አያይም፣ ማግኔታይት በበዛበት አፈር ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ከወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ዳር፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ሥርና ከሐይቁ ዳርቻ በድምሩ 20 ሳህን፣ 160 ኪሎ ግራም ገደማ አጠብን። ጥቁሩን አሸዋ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ባወጣነው ማግኔት፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ ለየነው። አብዛኛው ተጠራርጎ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። የቀረው አረንጓዴና ጥቁር ፍሬ ነበር። ብጫ ነገር አንድም አላየንም።

ዜሮ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ በተፈተነ እጅ የተገኘ ከሆነ ስሌት ይቀበላል። ተራ የምድር ቅርፊት ዐለት በአንድ ቶን ውስጥ 4 ሚሊ ግራም ገደማ ወርቅ አለው። ጉማራም ይህን ያህል አለው ብንልና አንዲት ቅንጣት ሳትጠፋ ብናስቀረው፣ አንድ ግራም ለማግኘት 250 ቶን ማጠብ ይኖርብናል። ይህም 6,250 ጀሪካን ነው። በቀን 50 ሳህን ለሚያጥብ ሰው 625 የሥራ ቀን ይወስዳል። ይህን ስሌት ልጁ ራሱ ደብተሩ ላይ ሠራው፤ እኔ የሰጠሁት እርሳስ ብቻ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ የምንጽፍበትን። ያው አሸዋ በመኪና ተጭኖ ለግንባታ ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ከጎኑ ሲጽፍ ፈገግ አለ። የወንዙን ዳር የሚንደው ይህ ንግድ የራሱ ጣጣ ስላለው ለሌላ ቀን ላቆየው።

ሞተሩ አልተሸጠም። ልጁ ግን ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ወደ ቤንሻንጉል ሄደው ወርቅ የሚያጥቡ ጓደኞች አሉት። እንዳይሄድ አልከለከልሁትም። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ነገርሁት። ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ይዞ እንዲሄድ፣ ሞተሩን ሳይሆን 25 ሴንቲ ሜትሩን ሳህን፣ ወንፊቱንና አሥሩን የእርሳስ ፍንጣሪ እንዲወስድ፣ ማንኛውንም ትልቅ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት በሄደበት ቦታ 20 ሳህን አጥቦ በቶን የሚደርሰውን እንዲያሰላ ተስማማን። በቶን ግማሽ ግራም ቢያገኝ በቀን 400 ኪሎ አጥቦ 0.2 ግራም ይደርሰዋል፤ ከዚህ ላይ ምግቡን፣ ማደሪያውንና የመንገዱን ወጪ መቀነስ አለበት።

35 ሴንቲ ሜትሩ ሳህን ቢሮዬ ውስጥ አለ። መሞከር የምትፈልጉ ተማሪዎች የየአገራችሁን የወንዝ አሸዋ ይዛችሁ ኑ፤ እባካችሁ ከግማሽ ጀሪካን አይብለጥ፤ ጠጠሩንም እዚያው አበጥራችሁ ጣሉት።