ውርንጭላ ሲያነክስ እምብርቱ ይታይ

በተወለደ በሳምንቱ የሚያነክስ ውርንጭላ ያየ ባለፈረስ ብዙውን ጊዜ «እናቱ ረግጣው ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። የእንስሳት ሐኪም ግን አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፦ በእምብርት ገብቶ፣ ከደም ጋር ዞሮ መገጣጠሚያ ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ።

እትብቱ ውስጥ አራት ቱቦዎች አሉ። አንዱ ደም መልስ ወደ ጉበት ይዘልቃል፤ ሁለቱ ደም ቅዳዎች በፊኛው ግራና ቀኝ ያልፋሉ፤ አራተኛው ጽንሱ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ሽንቱን የሚያስወጣበት ነው። ከልደት በኋላ አራቱም መደፈን አለባቸው። እስኪደፈኑ ድረስ ግን የበረቱ ጭቃና ፋንድያ የሚነካቸው ክፍት በር ናቸው።

እትብቱን ለመቁረጥ አይቸኮል፤ ባዝራዋ ስትነሳ ወይም ውርንጭላው ሲፍጨረጨር ራሱ ይበጠሳል። ከዚያ ጉቶውን 0.5 በመቶ በሆነ ክሎርሄክሲዲን መንከር፣ ይህንንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ደጋግሞ ማድረግ ነው። አዮዲን በበረታ ቁጥር የሚሻል የሚመስላቸው አሉ፤ 7 በመቶው ግን ሥጋውን ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ሥጋ ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው እንገር ነው። ውርንጭላ ማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም የበሽታ መከላከያ አያገኝም ማለት ይቻላል፤ ከእንገር ነው የሚወስደው። ስለዚህ በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊጠባ ይገባል፤ ቀኑ ካለፈ አንጀቱ መከላከያውን ወደ ደም አያሳልፍም።

ሐኪሙ እምብርቱን በጣቱ ዳብሶ ሙቀት፣ እብጠት፣ ሕመምና መግል ይፈልጋል። አሳሳቹ ነገር ጉቶው ደርቆ ሳለ ውስጡ ሊመግል መቻሉ ነው። አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጤነኛ ደም መልስ ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሕክምናው አንቲባዮቲክ ነው፤ በመጀመሪያው መሻል ሳይቋረጥ ይሰጣል። ካልበቃ የተበከሉት ቱቦዎች በቀዶ ሕክምና ይወጣሉ። እምብርቱ ሁልጊዜ ከረጠበና ሽንት ከሸተተ ደግሞ አራተኛው ቱቦ አልተደፈነም ማለት ነው።

ሲጫኑት ወደ ሆድ የሚመለስ ለስላሳ እብጠት ሌላ ጉዳይ ነው፦ የሆድ ግድግዳው አልገጠመም። ትንሹ ብዙ ጊዜ በራሱ ይገጥማል። እብጠቱ ከጠነከረ፣ ከጋለና ካመመው ግን አንጀት ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም።

አልትራሳውንድ በየወረዳው የለም፤ ጣት ግን አለ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እጃችሁን ታጥባችሁ ጠዋትና ማታ እምብርቱን ዳብሱ፤ ውርንጭላው መጥባት ከተወ ወይም ካነከሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።